የዶሪን ማሲ ቁጥር ስንት ነው?

እሷ፦ ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? የዛሬው ጨዋታችን በሰብዓዊ ጂኦግራፊ ምሁሯ በዶሪን ማሲ ላይ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምንጠራው። እና አንተ ትናንት ማታ «ቁጥራቸው ግራ አጋባኝ» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ከእሱ እንጀምር።

እሱ፦ አዎ። ሥራዎቻቸው በሌሎች ምሁራን ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ላጣራ ብዬ «ማሲ፣ ዲ» ብዬ ፈለግኩ። የመጣልኝ ግማሹ ስለ ስደትና ስለ አሜሪካ ከተሞች የዘር መለያየት ነው።

እሷ፦ ዳግላስ ማሲ ናቸዋ!

እሱ፦ እሳቸው ናቸው። አሜሪካዊ ሶሺዮሎጂስት ናቸው፣ እጅግ ብዙ ይጠቀሳሉ። ሁለቱም «ማሲ፣ ዲ»፣ ሁለቱም ስለ ቦታና ስለ ሰው ይጽፋሉ። ያልተጠነቀቀ ሰው የሁለቱን አንድ ላይ ይደምረዋል። በ2012 ኦርኪድ የሚባለው የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር የመጣው እንዲህ ላለው ችግር ነው። ለዶሪን ግን ዘግይቷል። በ1984 ያሳተሙት መጽሐፍ ላይ ማን መለያ ቁጥር ይለጥፍበታል?

እሷ፦ እስቲ ለማያውቋቸው በአጭሩ። ማንቸስተር ነው የተወለዱት፣ በ1944። ከ1982 ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ በብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ያረፉት በ2016 ነው። ዶክትሬት አልሠሩም፤ ማስተርስ ነው ያላቸው። እንዲያም ሆኖ በ1998 የቮትረን ሉድ ሽልማትን አግኝተዋል። በጂኦግራፊ ከዚያ በላይ የሚታይ ሽልማት ብዙ የለም።

እሱ፦ የ1984ቱ መጽሐፍ የሥራ ክፍፍል በቦታ እንዴት እንደሚደለደል ነው የሚያሳየው። አንድ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱን ለንደን ያደርጋል፣ ፋብሪካውን ደግሞ የከሰል ማዕድኑ የተዘጋበት አካባቢ ይተክላል። ውሳኔው እዚያ፣ ጉልበቱ እዚህ። ስለዚህ የአንዱ አካባቢ ድህነት የራሱ ጥፋት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይችልም፤ ከሌላው ሀብት ጋር የተያያዘ ነው።

እሷ፦ ይሄ ዛሬም ይጠቀሳል። እኔን የሚያናድደኝም እዚህ ላይ ነው። የጆርናሎችን ደረጃ የሚለካው የታወቀው ቀመር ያለፉትን ሁለት ዓመታት ጽሑፎች ብቻ ነው የሚያየው። በሕክምና ምናልባት ያስኬዳል። በሰብዓዊ ጂኦግራፊ ግን አንድ መጽሐፍ ተነቦ፣ ተብላልቶ፣ ክርክር ተነሥቶበት ሌላ ሰው ሥራ ውስጥ እስኪገባ ሁለት ዓመት ምን አላት?

እሱ፦ የአንድን ተመራማሪ ተጠቃሽነት የሚለካ ኤች ኢንዴክስ የሚባልም አለ። በ2005 ሆርሄ ሂርሽ የሚባሉ የፊዚክስ ሊቅ ያመጡት ነው። አሥር ሥራዎችህ እያንዳንዳቸው ቢያንስ አሥር አሥር ጊዜ ከተጠቀሱ ኤች ኢንዴክስህ 10 ነው።

እሷ፦ ቆይ፣ እናስላው። አንዷ ምሁር ሦስት መጽሐፍ ጻፈች እንበል። እያንዳንዱ 5,000 ጊዜ ተጠቀሰ። ድምሩ 15,000። ሌላው 30 አጫጭር ጽሑፍ አወጣ፣ እያንዳንዱ 30 ጊዜ ተጠቀሰ። ድምሩ 900። የማን ኤች ኢንዴክስ ይበልጣል?

እሱ፦ የእሱ። የእሱ 30፣ የእሷ 3።

እሷ፦ ሦስት! ይሄን ቁጥር ብቻ ይዞ ቅጥርና እድገት የሚወስን ኮሚቴ ምን ዓይነት ሥራ እየገፋ እንደሆነ አስበው። መጽሐፍ ጻፊ የምትባል ልጅ «ለምን ብዬ?» ብትል አልፈርድባትም።

እሱ፦ ቁጥር ጭራሽ አይጠቅምም ግን አልልም። ዶክትሬት የሌላት ሴት፣ ጊዜው ወንዶች የሞሉበት ሙያ፣ አንድ ሰው ተነሥቶ «ማን ናት?» ቢል ቁጥሩ አፍ ያስይዛል።

እሷ፦ እሺ፣ እሱን ተቀብያለሁ። አሁን ግን ወደምወደው ልምጣ። በ1991 የወጣው መጣጥፍ።

እሱ፦ የኪልበርኑ።

እሷ፦ የኪልበርኑ! ለንደን ውስጥ ዶሪን ይኖሩበት የነበረ ሰፈር ነው። ዋናው መንገድ ላይ እየሄዱ ያዩትን ይነግሩናል። መስኮቱ ላይ ሳሪ የሚሰቅል ሱቅ አለ። የአየርላንድ ፖለቲካ የተጻፈበት ግድግዳ አለ። ጋዜጣ የሚሸጥ ሙስሊም ሰውዬ አለ፤ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት አንጀቱ አሯል፣ የማይወደውን ጋዜጣ ግን ሳይወድ በግድ ይሸጣል። ከላይ አውሮፕላን ወደ ሂትሮው ያልፋል። ከዚያ «ይህ ሰፈር የማን ነው?» ወደሚለው ይገባሉ። መልሳቸው፣ ቦታ ማለት ከሌላ ቦታ ጋር ያለው ግንኙነት ነው፤ አጥር የለውም።

እሱ፦ የት እንደወጣ ንገሪያቸው እንጂ።

እሷ፦ ማርክሲዝም ቱደይ ላይ! ማንም ገዝቶ የሚያነበው የፖለቲካ መጽሔት ነበር። ጆርናል አልነበረም፣ ገምጋሚ ኮሚቴም አልነበረውም። በዛሬው የዩኒቨርሲቲ ነጥብ አሰጣጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ግን በዘርፉ ብዙ ከሚጠቀሱት አንዱ ሆነ።

እሱ፦ በ1994 ደግሞ መጽሐፋቸው ውስጥ ድጋሚ ታተመ። ስለዚህ አንዱ መጽሔቱን ይጠቅሳል፣ ሌላው መጽሐፉን። አንድ ሐሳብ፣ ሁለት ቦታ የተበተነ ቁጥር። ሌላም አለ። «የኃይል ጂኦሜትሪ» የሚለው ቃላቸው፣ በቦታዎች መካከል ባለው ግንኙነት ማን ኃይል አለው፣ ማን የለውም የሚለው ማለት ነው፣ ቬኔዝዌላ ደረሰ። ፕሬዚዳንቱ ሁጎ ቻቬዝ በ2007 የለውጣቸው አምስት ሞተሮች ካሏቸው አንዱ አደረጉት።

እሷ፦ ፕሬዚዳንት በንግግሩ ሲጠቅስህ ጉግል ስኮላር፣ ያ የምሁራን ጽሑፍ መፈለጊያው፣ አይቆጥርልህም።

እሱ፦ በበጎ ተጠቀሰ ወይስ በክፉ፣ ያም ሌላ ክርክር ነው። እሱንም ቁጥሩ አይነግርህም።

እሷ፦ አንተ መጣጥፉን መጀመሪያ መቼ አነበብከው?

እሱ፦ ተማሪ ሳለሁ። አንድ ጓደኛዬ ፎቶ ኮፒውን ሰጠኝ። ከብዙ መባዛት ፊደሉ ደብዝዟል፣ የላይኛው ጠርዝ ተቆርጧል፣ የጸሐፊው ስም የለም። መመረቂያ ጽሑፌ ላይ ሐሳቡን ወስጄዋለሁ። ዋቢ ላይ ግን አላስገባኋቸውም፣ ማን እንደሆኑ አላወቅኩማ። ዛሬም ይቆጨኛል።

እሷ፦ የዚህን ክፍል መግለጫ አንተ ነህ የምትጽፈው፣ አይደል?

እሱ፦ እኔ ነኝ። ሙሉ ስማቸውን ነው የማስገባው። «ዲ» ብቻ ብዬ አላልፍም። ዶሪን።