ጠጋ ጠጋ በሉ! የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ስስ ፊልም ነገር

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! የዛሬው ጉዳያችን ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። የግድግዳ ቀለም ውስጥ አለ። የጥርስ ሳሙና ውስጥ አለ። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ውስጥም አለ። ዛሬ ግን ዱቄቱን እንተወውና ስስ ፊልሙን፣ ማለትም መስታወትን በመሰለ ነገር ላይ የሚለበጠውን ስስ ሽፋን፣ እንይ። ውፍረቱ 200 ናኖሜትር ቢሆን ነው። የራስ ፀጉራችሁ ከዚያ በመቶዎች እጥፍ ይወፍራል።

ጥያቄው አንድ ነው፦ እዚያ ውስጥ አተሞቹ እንዴት ተቀመጡ?

ታክሲ እንግባ። ሚኒባስ። ዝናብ መጣ፣ ሰልፉ ፈረሰ፣ ሰው እየተጋፋ ገባ። አንዱ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል፣ አንዷ ቦርሳዋን ወንበር ላይ አስቀምጣለች፣ አንዱ ጎንበስ ብሎ ቆሟል። ፊልሙን በክፍል ሙቀት ስትሠሩት እንደዚህ ነው። አተሙ ካረፈበት አይነቃነቅም። አሞርፈስ ይባላል፣ ሥርዓት የሌለው አቀማመጥ ማለት ነው።

ታክሲው ተነሳ። መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ ይንጣል። መናጡ ሙቀት ነው በሉ። ሰው ቀስ በቀስ ቦታ ቦታውን ያዘ። ሁሉም ተቀምጧል፣ ግን ዘና ብሎ። ይህ አናቴዝ ነው። ከዚያስ? ረዳቱ ዞር አለ። ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ያው ሰዎች፣ ያው ታክሲ፣ ጥብቅ ያለ አቀማመጥ። ሩታይል! አናቴዝ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 3.9 ግራም አካባቢ ነው፣ ሩታይል 4.2። መጠጋጋቱ በሚዛን ይታያል። (ረዳቶችን አትውቀሱ፣ ፊዚክስ ነው።) ብሩካይት የሚባል ሦስተኛም አለ፣ ዛሬ አልተሳፈረም።

አሁን ቶሎ ቶሎ ልበል። ፊልሙን በስፐተሪንግ (አተሞችን ከጠጣር ላይ በአዮን እየመቱ አስፈንጥሮ ማሳረፍ) ወይም በሶል ጄል (ፈሳሽ ቀብቶ ማድረቅ) ትሠራላችሁ፣ ምድጃ ትከቱታላችሁ። ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 400 ዲግሪ አናቴዝ፣ ከ600 ወዲያ ሩታይል ብቅ ይላል። የሩታይሉን ሙቀት ተራ መስታወት አይችልም፣ ኳርትዝ ወይም ሲሊከን ያዙ። የትኛው እንደወጣ የምታውቁት በኤክስሬይ ዲፍራክሽን ነው፣ ኤክስሬዩ ከአተሞቹ ነጥሮ በየትኛው ማዕዘን እንደሚወጣ ትለካላችሁ። ኤክስሬዩ ከመዳብ የሚወጣው ሲሆን፣ አናቴዝ 25.3 ዲግሪ ማዕዘን ላይ፣ ሩታይል 27.4 ላይ በግራፉ ጫፍ ያወጣሉ። ጨረሩን አጋድማችሁ ላኩ፤ አለበለዚያ ፊልሙን አልፎ ከሥሩ ያለውን ነው የምትለኩት። ራማን (የአተሞቹን ንዝረት በሌዘር የሚያነብ መሣሪያ) ካላችሁ ደግሞ 144 ላይ (በሴንቲሜትር ተገላቢጦሽ) ያለውን የአናቴዝ መስመር ፈልጉ። አለቀ።

ቆይ ግን። ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ጽፋችሁልኛል። «ሩታይሉ ሲቀዘቅዝ ወደ አናቴዝ ይመለሳል አይደል?» አይመለስም! እንደ ውሃና በረዶ አስባችሁት ነው። የውሃ ነገር ደርሶ መልስ ነው፣ ይሄኛው የአንድ መንገድ ትኬት። ቅንጣቱ (በፊልሙ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ትንሽ ክሪስታል) ተለቅ ካለ፣ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም የተረጋጋው ሩታይል ነው። አናቴዝ መንገድ ላይ ተይዞ የቀረ ነው። ሙቀት የሚያደርገው የተያዘውን ማስለቀቅ ነው።

ታዲያ አናቴዝ ለምን ቀድሞ ይመጣል? ቅንጣቱ ሲወለድ ጥቂት ናኖሜትር ስለሆነ ነው። በዚያ መጠን ከውስጡ አንጻር የውጭ ገጹ ብዙ ነው፣ የአናቴዝ የውጭ ገጽ ደግሞ በጉልበት ርካሽ ነው። ቅንጣቱ ሲያድግ ሒሳቡ ይገለበጣል።

ስለዚህ «የመለወጫ ሙቀቱ ስንት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁኝ። አንዱ 600 ይላል፣ ሌላው 900፣ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ምድጃ ውስጥ ስንት ሰዓት ቆየ? ቅንጣቱ ምን ያህል ነበር? ምን ባዕድ ነገር ገባበት? ዲግሪውን ብቻ ጽፎ ሰዓቱን የሚደብቅ ሪፖርት እኔን ያናድደኛል። ከተናደዳችሁ አብራችሁኝ ሰብስክራይብ አድርጉ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ራሱን የሚያጸዳ መስታወት መሥራት ለምትፈልጉ። እዚያ የሚፈለገው አናቴዝ ነው፤ በፀሐይ አልትራቫዮሌት ቆሻሻውን ያፈርሳል። ተራ መስታወት ስታሞቁ ግን ከውስጡ ሶዲየም ወደ ፊልሙ ይሰርግና ክሪስታሉን ያስቸግራል። አናቴዝ እምቢ ካላችሁ ምድጃውን አትሳደቡ፣ መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ስስ ሲሊካ አድርጉ።