ከጓደኛ ሻንጣ የወጣ አሞክሳሲሊን

[ምስል፦ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቂሊንጦ የሚወስደው መንገድ፣ ማለዳ። ቦርሳ ያነገቱ ተማሪዎች ታክሲ ይጠብቃሉ።]

ተራኪ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ ባሉት ሰፈሮች የሚማር ወጣት «አንቲባዮቲክ ጉንፋን ያድናል?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ «አያድንም፤ ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው» ብሎ እንደሚመልስ እወራረዳለሁ። በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ተምሮታል። የፈተና ሰሞን ጉሮሮውን ሲከረክረው ግን ወሬው ይለወጣል።

[ምስል፦ የተማሪዎች መኝታ ክፍል፣ ምሽት።]

አንደኛው ተማሪ፦ አሞክሳሲሊን ተርፎህ ነበር አይደል?

ሁለተኛው ተማሪ፦ አራት ፍሬ አለ፤ ውሰደው።

ተራኪ፦ አንቲባዮቲክ እንዲህ መቀባበልን አላዋቂነት ብሎ መገሠጽ ቀላል ነው። እኔ ግን አይመስለኝም። ጤና ጣቢያ ሄዶ ካርድ ለማውጣት መሰለፍ አለ፤ የታክሲ ሒሳብ አለ፤ ነገ ደግሞ ፈተና አለ። እንክብሎቹ ያሉት አልጋ ሥር ነው። በዚያ ላይ «ባለፈው ወስጄው ተሽሎኛል» የሚል ምስክር አይጠፋም። ስሕተቱ የሚወለደው እዚህ ምስክርነት ላይ ነው። ጉንፋን ብዙውን ጊዜ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ውስጥ ራሱ ይለቃል፤ ሰውነት የለፋበትን ምስጋና ግን እንክብሉ ይወስዳል።

[ምስል፦ ሥዕላዊ መግለጫ። ግድግዳ ያለው ባክቴሪያ፣ ከጎኑ ግድግዳ የሌለው ቫይረስ።]

ተራኪ፦ አሞክሳሲሊን የፔኒሲሊን ወገን ነው። ባክቴሪያ የሕዋሱን ግድግዳ እንዳይገነባ ያግዳል። ቫይረስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው መድኃኒቱ አይነካውም። አንጀታችን ውስጥ የሚኖሩትን፣ ምንም ያላጠፉትን ባክቴሪያዎች ግን ይመታል። መቋቋም ያቃታቸው ይሞታሉ፤ የቻሉት ቦታውን ይወርሳሉ፤ የመቋቋሚያ ዘረመላቸውንም ለሌላ ዝርያ ባክቴሪያ ሳይቀር ያቀብላሉ። አንድ መጸዳጃ ቤትና አንድ ቧንቧ በሚጋሩ ተማሪዎች መካከል ደግሞ እነዚህ ጀርሞች ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ብዙም አይቸገሩም።

እ.ኤ.አ. በ1928 ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፣ በ1945 ባደረገው የኖቤል ንግግር ከሚገባው ያነሰ መጠን ጀርሞችን ከመድኃኒቱ ጋር እንደሚያላምድ አስጠንቅቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በዓለም ላይ በቀጥታ ለ1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞት ምክንያት እንደሆኑ ተገምቷል።

ይሁንና የጉሮሮ ሕመም ሁሉ የቫይረስ አይደለም። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ ሳይታከም ከቀረ የሩማቲክ ትኩሳት ሊያስከትል፣ የልብ ቫልቭንም ሊጎዳ ይችላል። ሕክምናው አንድ ጊዜ የሚወጋ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወይም አብዛኛውን ጊዜ ለ10 ቀን የሚዋጥ መድኃኒት ነው። የጓደኛ አራት ፍሬ ለጉንፋኑ ትርፍ፣ ለስትሬፕቶኮከሱ ጎዶሎ ነው።

[ምስል፦ የላቦራቶሪ ውጤት የያዘ እጅ።]

ተራኪ፦ «ታይፎይድና ታይፈስ»ስ? ትኩሳት የያዘው ብዙ ሰው ለታይፎይድ የሚደረገውን የዊዳል የደም ምርመራ አድርጎ ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ይጀምራል። ዊዳል የሚያየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት ጀርሙን ለመከላከል ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ስለዚህ ቀደም ሲል ታሞ የዳነ ሰው ዛሬም ፖዘቲቭ ሊባል ይችላል። የተሻለው ምርመራ ጀርሙን ከደም ናሙና አሳድጎ የሚያየው የደም ካልቸር ነው፤ እሱ ግን ቀናት ይፈልጋል፣ በየክሊኒኩም አይገኝም። ሐኪሙን «በምን አረጋገጡት?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

[ምስል፦ የፋርማሲ መስኮት።]

ተራኪ፦ አንቲባዮቲክ የሚሸጠው በሐኪም ማዘዣ ነው። ማዘዣውን ስትሰጡ በስንት ሰዓት ልዩነት፣ ለስንት ቀን፣ ከምን ጋር እንደሚወሰድ ጠይቁ፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ለምሳሌ ከወተት ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። ጉንፋን ብቻ ከሆነ ፓራሲታሞል፣ ትኩስ ነገርና እንቅልፍ ይበቃል። ትንፋሽ ካጠረ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ ወይም ትኩሳቱ ከሦስት ቀን ካለፈ ግን ፈተና ቢኖርም ጤና ጣቢያ ሂዱ።