የዐረብ ፈረስን በአንድ ሐረግ ማራባት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ ከአዳማ

ከወንጂ የደወሉ አድማጭ፦ የዐረብ ፈረስ አርቢዎች ድንጉላን ከገዛ የልጅ ልጁ ጋር ያገናኛሉ ይባላል። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ይሄ ዘሩን አያበላሸውም?

ሊያበላሸው ይችላል፤ ለዚህ ነው ጠንቃቃ አርቢ ከማስጠቃቱ በፊት ሒሳብ የሚሠራው። የሐረግ ርቢ ማለት አንድ የላቀ ፈረስ በውርንጭላው የዘር ወረቀት ላይ በአባትም በእናትም በኩል እንዲመጣ ማድረግ ነው። አንድ ቅድመ አያት በአማካይ 12.5 በመቶ ያወርሳል። ያው ፈረስ በሁለቱም ወገን ቅድመ አያት ሲሆን ድርሻው 25 በመቶ ይደርሳል፤ የአንድ አያት ያህል ማለት ነው። የሞተ ፈረስን ደም ከመሳሳት የሚያድኑት በዚህ መንገድ ነው።

ውርንጭላው የጋራ ዘመዱን አንድ ዓይነት ዘር ከአባቱም ከእናቱም ደርቦ የመውረስ ዕድሉን እንዲህ ያስሉ። ከድንጉላው ወደ ኋላ እስከ የጋራ ዘመዱ ስንት ትውልድ እንዳለ ይቁጠሩ፤ ከባዝራዋም እንዲሁ። ሁለቱን ደምረው አንድ ይጨምሩ። ከዚያ ግማሽን በዚያ ቁጥር ልክ ደጋግመው ያባዙ። የድንጉላውም የባዝራዋም አያት አንድ ፈረስ ከሆነ 2 + 2 + 1 = 5 ይሆናል፤ ግማሽ አምስት ጊዜ ሲባዛ 3.1 በመቶ ገደማ ነው። እርስዎ ያነሡት ድንጉላና የልጅ ልጁ፣ ድንጉላው ራሱ የጋራ ዘመድ ስለሆነ፣ 0 + 2 + 1 = 3፣ ማለትም 12.5 በመቶ። አባትና ሴት ልጅ 25 በመቶ። የጋራ ዘመዶቹ ብዙ ከሆኑ የእያንዳንዱ ይደመራል፤ ዘመዱ ራሱ ከዘመዳሞች ተወልዶ ከሆነም ቁጥሩ ከዚህ ይበልጣል። ከ6.25 በመቶ በላይ የሆነ ግንኙነት ያለ በቂ ምክንያትና ያለ ምርመራ ባይሞከር እንመክራለን።

ብዙዎችን የሚጥላቸው ግን ቁጥሩ አይደለም። የታወቀ ስም ወረቀቱ ላይ አራት ጊዜ ተጽፎ ሲያዩ የፈረሱን እግር ማየት ይረሳሉ። የሐረግ ርቢ መልካሙንም ጉድለቱንም እኩል ያጠነክራል፤ ሁለቱም የፊት እግራቸው የተጣመመ ከሆነ ዝምድናቸው የቱንም ያህል ቢያምር አይገናኙ።

ከፍራንኮ፦ ዘሩ የሚቆጠረው በአባት ነው በእናት? እነዚህ አርቢዎችስ እነማን ናቸው?

በበደዊን፣ ማለትም በዐረብ በረሃ ዘላኖች ዘንድ በእናት ነው። ኩሐይላን፣ ሳቅላዊ፣ ዑበያን፣ ሐምዳኒ፣ ሐድባን የሚባሉት ቤቶች ከባዝራ ወደ ውርንጭላ ይወርዳሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የግብጹ ገዢ አባስ ፓሻ ምርጦቹን ሰበሰበ። ከእርሱ ስብስብ የተረፈውን አሊ ፓሻ ሸሪፍ ያዘው፤ ከዚያም በ1878 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ክራቤት ላይ ርቢ የጀመሩት ሌዲ አን ብለንትና ባለቤቷ ዊልፍሪድ ገዙ። በ1934 እ.ኤ.አ. የተወለደው የካይሮው ድንጉላ ናዚር ዛሬ በብዙ የግብጽ ሐረግ ወረቀቶች ላይ ተደጋግሞ ይገኛል።

ለትዕግሥታቸው የምናደንቃቸው ሌሎች አሉ፦ አሜሪካዊው የካርቱን ሠዓሊ ሆመር ዴቨንፖርት በ1906 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ያመጣቸውን ፈረሶች ዘር እስከ ዛሬ ባዕድ ሳይቀላቅሉ የያዙ። መንጋው ጠባብ ስለሆነ ሐረጉን በንዑስ መስመሮች ከፍለው ጎን ለጎን ያራባሉ፤ አንዱ መስመር ሲጠብ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ይህን መተንፈሻ ያላዘጋጀ አርቢ ጥቂት ትውልድ ቆይቶ የሚያገናኘው ፈረስ ያጣል።

ከመልካሳ፦ የሚወረሱት በሽታዎች የትኞቹ ናቸው?

ሦስቱን ይወቁ። ኤስሲአይዲ የተባለው፣ ማለትም በሽታ የመከላከል አቅም ማጣት ያለበት ውርንጭላ ሲወለድ ጤነኛ ይመስላል፤ ከእንገር ያገኘው መከላከያ ሲያልቅ ሳንባው ይታመምና አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወር ሳይሞላው ይሞታል። ሲኤ ትንሹን አንጎል ይጎዳል፤ ጭንቅላት ይንቀጠቀጣል፣ ርቀት መገመት ይጠፋል፣ እርምጃው ይዛባል። ላቬንደር የሚባለው በተለይ በግብጽ ሐረግ ይታያል፤ ጸጉሩ የደበዘዘ ግራጫ ሆኖ ይወለዳል፣ መቆምም አይችልም።

ሦስቱም የሚመጡት ከሁለቱም ወላጆች ሲወረሱ ብቻ ነው። ጉድለቱን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ፈረስ ራሱ አይታመምም፤ ተሸካሚ ይባላል። ተሸካሚ ከተሸካሚ ቢገናኝ በእያንዳንዱ እርግዝና የታመመ ውርንጭላ የመወለድ ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ተሸካሚ ከነጻ ቢገናኝ የሚታመም የለም፤ ስለዚህ ጥሩ ባዝራን ተሸካሚ ናት ብሎ መጣል አያስፈልግም፣ ነጻ ድንጉላ መፈለግ ይበቃል። ለዘረመል ምርመራ ከ20 እስከ 30 የጋማ ወይም የጭራ ጸጉር ከነሥሩ ይነቀላል። ተቆርጦ የመጣ ጸጉር አይረባም። በላስቲክ ከተቋጠረ ይሻግታል፤ በወረቀት ፖስታ ያድርጉትና የፈረሱን ስም ይጻፉበት።

ከአዳማ፣ ባለጋሪ፦ ከአርሲ የመጣች ባዝራ አለችኝ። አንዲት ልጅ ወልዳለች። ልጅቱን ለአባቷ ላስጠቃት?

አይሆንም ወንድሜ። 25 በመቶ ዝምድና ነው፤ ደግሞም የአያቶቹ ነገር ስላልተጻፈ ምን ጉድለት እንደሚደራረብ ማወቅ አይቻልም። የጋሪ ፈረስ ጉልበት የሚገኘው ከባዕድ ደም ነው፤ ከሌላ አካባቢ የመጣ፣ ሰኮናው ጠንካራ ድንጉላ ይፈልጉላት። እርሷም ሦስት ዓመት ሳይሞላት አትጠቃ።

በመንደር ሳይታሰብ የሚሆነው ዝምድና ከዚህ ይብሳል። ወንድ ውርንጭላ ዓመት ካለፈው ሊያስረግዝ ስለሚችል ከእናቱና ከእህቶቹ ይለዩት ወይም ያኮላሹት። አንድ ድንጉላ ለመንደሩ ሁሉ ካገለገለ በአራት ዓመት ውስጥ ሴት ልጆቹ ለጥቃት ይደርሳሉ፤ ያኔ ይቀየር። አንድ ደብተር ይበቃዎታል፦ የተጠቃችበት ቀን፣ የድንጉላው መልክና ባለቤት፣ ከ21 ቀን በኋላ ዳግም መፈለግ አለመፈለጓ፣ የወለደችበት ቀን። እርግዝናው 340 ቀን ገደማ ነው፤ ቀኑ ጨርሶ ካልገጠመ አባቱ ሌላ ድንጉላ ሊሆን ይችላልና ዝምድናውን ሲያሰሉ በዚያ ስም አይተማመኑ።