ዩኒየኑ «ሐምራዊ ልበሱ» የሚለው ለምንድነው? (የቪዲዮ ጽሑፍ)

[ሙዚቃ፣ ከዛ ዝቅ ይላል]

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ከረማችሁ። ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ያው ሁሌ ረዘም ይላል ብዬ አስጠነቅቃለሁ ሁሌም ካልኩት በላይ ይረዝማል።

ሰሞኑን አንዷ እህታችን ስክሪንሾት ላከችልኝ። እዚህ ካሊፎርኒያ ትምህርት ቤት ካፍቴሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ከዩኒየኗ፣ ከሠራተኛ ማኅበሯ ማለት ነው፣ የመጣ ቴክስት ነው፣ «የኮንትራት ድርድር ላይ ነን፣ ረቡዕ ሁላችሁም ሐምራዊ ቲሸርት ልበሱ፣ ፒቲሽኑን ፈርሙ፣ ማታ የቦርዱ ስብሰባ ላይ ኑ» ይላል። ከስሩ እሷ ምን ብላ ጻፈችልኝ፣ «ወንድሜ እስቲ አስረዳኝ፣ እኔ ሐምራዊ ስለለበስኩ ነው ደሞዜ የሚጨምረው? መዋጮውን በየወሩ ከቼኬ ይቆርጡ የለ፣ እነሱ ሄደው አይደራደሩም?»

ሳቅኩ። ከዛ ሳስበው እውነቷን ነው። ጠበቃ ስትቀጥሩ ጠበቃው «ረቡዕ ሐምራዊ ልበሱ» አይላችሁም። ገንዘቡን ተቀብሎ ራሱ ይሄዳል። ታዲያ ዩኒየን ምን ሆኖ ነው?

እሺ። መርካቶ እንሂድ።

ዱባይ ተራ ገብታችሁ መጋረጃ ገዝታችሁ ታውቃላችሁ? እናቴ በመጋረጃ ዲግሪ አላት። ትገባለች፣ ጨርቁን በሁለት ጣቷ ታሸዋለች፣ ፊቷን ታጨማድዳለች፣ ወዳውም ተጠይፋም አይደለም፣ ዝም ብላ ነው። «ስንት ነው?» ልጁ አንድ ዋጋ ይጠራል። እናቴ ግማሹን ትላለች። «አያዋጣም እናቴ፣ የተገዛበት አይደለም!» ትንሽ ትጨምራለች። ልጁ ትንሽ ይቀንሳል። እዚህ ጋ ይቆማሉ። ከዛ እናቴ ምን ታደርጋለች? እግሯን ታዞራለች። በቃ ቦርሳዋን ብብቷ ስር ታደርግና ወደ በሩ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ ሦስተኛው ላይ «ነይ እናቴ ነይ፣ ውሰጂው!» ይመጣል።

ሁላችንም ይሄን እናውቃለን። ግን ልብ በሉ፣ «ነይ» ያስባላት ምላሷ አይደለም። እግሯ ነው። ሄዳ ብትቀር ልጁ የሚያጣው ነገር አለ።

አሁን ትንሽ እናወሳስበው። አንዳንድ ሱቅ ስትገቡ ልጁ «የኔ አይደለም ባለቤቱን ልጠይቅ» ይላችኋል። ባለቤቱ ፎቅ ላይ ነው፣ መስኮት አለው፣ ቁልቁል ያያል። ልጁን ብትለማመጡት ብታለቅሱበት ዋጋ የለውም፣ ልጁ ብሩ የሱ አይደለማ! እናቴ ለእህቴ ሰርግ ዕቃ ልትገዛ የሄደች ጊዜ ግን ብቻዋን አልሄደችም፣ አክስቶቼን፣ ጎረቤቶችን፣ ወደ አስራ ሁለት ሴት አስከትላ ነው የገባችው። አንዳቸውም ስለ ዋጋ አልተናገሩም። እዛ በር ላይ ቆመዋል በቃ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። ልጁ ስልኩን አነሳ፣ ባለቤቱ በመስኮት አየ፣ አስራ ሁለት ሴት፣ እነዚህ ከወጡ አስራ ሁለቱም ነው የሚወጡት። የሆነውን ዋጋ ብነግራችሁ እስከ ዛሬ በቤታችን የሚወራ ነው።

የመንግሥት ሥራ ድርድር ማለት ይሄ ሁለተኛው ሱቅ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው የዲስትሪክቱ፣ ማለት የትምህርት ቤቶቹ አስተዳደር፣ ተደራዳሪ ልጁ ነው። ባለቤቱ ፎቅ ላይ ያለው የተመረጠው ቦርድ ወይ ሲቲ ካውንስል ነው፣ እነሱም ቢሆን ገንዘቡ የግብር ከፋዩ ነው፣ ምርጫ ሲደርስ ሰው ፊት ይቆማሉ። ስለዚህ ቁልቁል ሲያዩ ስንት ሰው ይቆጥራሉ? ሐምራዊው ለመስኮቱ ነው። ቲሸርቱ ለመቁጠር እንዲመች ነው፣ ሌላ ምንም ተአምር የለውም።

(በነገራችን ላይ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ እኔም ቁልቁል እያየሁ ነው።)

አሁን አሠራሩን ቶሎ ቶሎ ልበለው፣ አብዛኛውን ታውቁታላችሁ። የግል ድርጅት ሠራተኛን የሚመለከተው የ1935ቱ የፌዴራል ሕግ የመንግሥት ሠራተኛን አይነካም፣ ስለዚህ የስቴትና የከተማ ሠራተኛ እንደየስቴቱ ነው። ካሊፎርኒያ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁለቱ ወገን ይቀመጣሉ፣ ካልተግባቡ ኢምፓስ ይባላል፣ አስታራቂ ይመጣል፣ እሱም ካልሆነ ፋክት ፋይንዲንግ የሚባል አጣሪ ፓናል፣ ከዛም ካልሆነ ነው አድማ የሚመጣው። ኒውዮርክ ብትሆኑ በ1967 በወጣው ሕግ አድማ ክልክል ነው፣ ሥራ ላቆማችሁበት ለእያንዳንዱ ቀን የሁለት ቀን ደሞዝ ይሄዳል። ቨርጂኒያ ደግሞ፣ ፌርፋክስና አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ስሙ፣ አድማው ይቅርና ድርድሩ ራሱ እስከ ሜይ 2021 ተከልክሎ ነበር፣ አሁንም ከተማው ወይ ካውንቲው ከፈቀደ ነው። በነዚህ ቦታዎች እግር ማዞር የለም ማለት ነው። እግር ማዞር በሌለበት ምን ይቀራል? በር ላይ መቆም። ያቺ ቲሸርት አድማ በማይፈቀድበት ቦታ ጭራሽ ትወደዳለች።

አለቀ፣ ቴክኒካሉ ይሄ ነው። አሁን ወደሚጥመው።

ሎስ አንጀለስ፣ 2023። እዚህ ፌርፋክስ ጎዳና እኛ ሰፈር የምትኖሩ ታስታውሳላችሁ፣ ልጆቹ ሦስት ቀን ቤት የዋሉ ጊዜ። ሎካል 99 የሚባለው ዩኒየን ወደ 30,000 ሠራተኛ አለው፣ ባስ ሹፌር፣ ጽዳት፣ ካፍቴሪያ፣ የስፔሻል ኤዱኬሽን ረዳቶች። አማካይ ደሞዛቸው በዓመት ወደ 25,000 ዶላር ነበር፣ ብዙዎቹ ፓርት ታይም ናቸው። በሎስ አንጀለስ ኪራይ! ኮንትራታቸው ያለቀው በ2020 ነው። ልብ በሉ፣ ሦስት ዓመት ገደማ ባለቀ ኮንትራት ነው የሠሩት፣ ኮንትራት አለቀ ማለት ነገ ከሥራ ትወጣላችሁ ማለት አይደለም፣ አዲስ እስኪመጣ አሮጌው ነው የሚሠራው።

30 በመቶ ጭማሪ ጠየቁ። ዲስትሪክቱ በመጨረሻ 23 በመቶ እና አንድ ጊዜ የሚሰጥ 3 በመቶ ቦነስ አቀረበ። ፌብሩዋሪ ላይ አባላቱ አድማ ይፈቀድ አይፈቀድ ብለው ድምፅ ሰጡ፣ 96 በመቶ «ይፈቀድ» አሉ። ማርች 21 ወጡ። የዛን ቀን ዝናቡን አትጠይቁኝ፣ ሎስ አንጀለስ እንደዛ ዘንቦ አያውቅም ብዬ ማጋነን አልፈልግም ግን ሰዎቹ በጃንጥላ ነበር የአድማው ሰልፍ ላይ የቆሙት። እዚህ ጋ ነው ነገሩ፣ መምህራኑ የራሳቸው ሌላ ዩኒየን አላቸው፣ እነሱም ጥያቄው የነሱ ሳይሆን አብረው ወጡ። ከ420,000 በላይ ተማሪ ያለው ዲስትሪክት ተዘጋ። በሰርግ ዕቃ ግዢ ላይ ያሉ ጎረቤቶች ማለት እነዚህ ናቸው።

ከንቲባዋ ካረን ባስ መሃል ገቡ፣ ማርች 24 ስምምነት ተደረሰ። 30 በመቶ። 1,000 ዶላር ቦነስ። ዝቅተኛ ደሞዝ በሰዓት 22.52። በቀን 4 ሰዓትና ከዛ በላይ ለሚሠሩት የጤና መድን ከነቤተሰብ።

ግን ውሸት አልነግራችሁም፣ ሦስት ቀን ደሞዝ የለም ነበር፣ በዛ ደሞዝ ሦስት ቀን ቀላል አይደለም። ወላጅም ተቸግሯል፣ ምሳውን ትምህርት ቤት የሚበላ ልጅ ስንት አለ። ዲስትሪክቱም በጀቱ ማለቂያ የሌለው አይደለም ሲል ዝም ብሎ ተንኮል አይደለም። ይሄን ሁሉ እያወቅኩ የኔ አስተያየት ምንድነው፣ ከ23 ወደ 30 ያደረሰው ጠረጴዛው ላይ የተባለ ብልህ ነገር አይመስለኝም። 96ቱ ነው።

አሁን ኮሜንት። ባለፈው አጭር ቪዲዮ ስር አንድ ኮሜንት 200 ላይክ አገኘ፣ የኔ ቪዲዮ ራሱ 200 አላገኘም። ምን ይላል፣ «ወገኖች አትሞኙ፣ አድማ ላይ ድምፅ የሰጠ ሁሉ ይባረራል፣ ሬገን አላባረረም ወይ?» ከስሩ ደግሞ «እውነት ነው፣ እኔ ስለዚህ ነው የማልፈርመው» የሚል ሰልፍ።

እሺ። ቀስ ብለን።

ፕሬዝዳንት ሬገን አባሯል። ኦገስት 1981፣ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች አድማ መቱ፣ 48 ሰዓት ሰጣቸው፣ ያልተመለሱትን ከ11,000 በላይ ሰዎች አባረረ። እውነት ነው። ግን እነሱ የፌዴራል ሠራተኛ ናቸው፣ የፌዴራል ሠራተኛ አድማ መምታት በሕግ ክልክል ነው፣ ያኔም አሁንም። ካሊፎርኒያ ውስጥ የትምህርት ቤት ካፍቴሪያ ሠራተኛ ሌላ ሕግ ነው ያለው፣ በ1985 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመንግሥት ሠራተኛ አድማ በአጠቃላይ ሕገወጥ አይደለም ብሎ ወስኗል፣ ለሕዝብ ጤናና ደህንነት ከባድ አደጋ ካልሆነ። ሁለቱን አንድ ላይ መደባለቅ ባቡር ያየ ሰው አውሮፕላን እፈራለሁ እንደማለት ነው።

ሁለተኛው፣ ይሄኛው ነው ዋናው፣ ድምፅ መስጠትና አድማ መውጣት አንድ አይደለም! «ይፈቀድ» ማለት ተደራዳሪዎቻችን ካስፈለገ መጥራት ይችላሉ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ድምፁ ይሰጣል፣ አድማው አይመጣም፣ ምክንያቱም ባለቤቱ በመስኮት አይቷል። እናቴ ቦርሳዋን ብብቷ ስር ስታደርግ ማለት ነው። ገና አልወጣችም።

ፍርሃቱ ግን ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ አልስቅበትም። ብዙዎቻችን አገር ቤት የመንግሥት ሠራተኛ ነበርን፣ ወይ አባታችን ነበር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች ተደራጅተው መደራደር ይችላሉ ይላል፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛውን አያካትትም። በኛ አቆጣጠር ግንቦት 2017 ላይ የጤና ባለሙያዎቹ ሥራ ሲያቆሙ ስንቱ እንደታሰረ ሁላችሁም ፌስቡክ ላይ አይታችኋል። ከዛ የመጣ ሰው ፒቲሽን ሲሰጡት እጁ ቢንቀጠቀጥ ምን ይገርማል። ብቻ ያኛው ፍርሃት እዚህ ያለውን ወረቀት እንዲያነብላችሁ አትፍቀዱለት፣ የስቴታችሁን ሕግ ጠይቁ፣ ዩኒየኑን በስልክ ጠይቁ።

አሃ፣ ዩኒየኖቹንም ልናገር ነው። እናንተ ዩኒየኖች ሆይ፣ ባለ 14 ፓራግራፍ እንግሊዝኛ ኢሜይል ልካችሁ «አባላት አይሳተፉም» አትበሉ። እንግሊዝኛ አለ፣ ስፓኒሽ አለ፣ አማርኛውስ? ካፍቴሪያው ውስጥ እኮ አለን። አንድ ሰው በአማርኛ የሁለት ደቂቃ ቮይስ ቢልክ ከኢሜይሉ ይሻላል፣ ከፈለጋችሁ እኔ እቀዳላችኋለሁ፣ በነፃ፣ እሺ በቡና።

አንድ የቀረኝ። «ባልከፍልም ጭማሪው ይደርሰኛል አይደል?» የሚል ጥያቄ አለ፣ ጠያቂው ስሙን ደብቋል፣ ብልህ ነው። አዎ ይደርስሃል። ከጁን 2018 ጀምሮ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 ከወሰነ ወዲህ፣ የመንግሥት ሠራተኛን አባል ያልሆነ ከሆነ አስገድዶ ማስከፈል አይቻልም፣ ኮንትራቱ ግን ለሁሉም ነው። ዕድር ሳይከፍሉ ድንኳኑ ውስጥ እንደመቀመጥ ነው። ማንም አያስነሳህም። ሴቶቹ ግን ያውቁሃል።

ወደ እህታችን ልመለስና ላብቃ። ይሄን ሁሉ በቮይስ ነግሬያት ነበር፣ አስራ አንድ ደቂቃ ሆነ፣ ሰምታ መጨረሷን እጠራጠራለሁ። ትናንት መለሰችልኝ። ፒቲሽኑን ፈርማለች፣ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ረቡዕ ትሄዳለች። ችግሩ ቲሸርቱ ኤክስትራ ላርጅ ብቻ ነው የቀረው፣ ብትለብሰው እስከ ጉልበቷ ነው። ስለዚህ ምን ትለኛለች፣ «ሐምራዊ ጥለት ያለው ነጠላ አለኝ፣ ይቆጠራል ወይ?»

እህቴ፣ እሱን ለብሰሽ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጪ። ፎቶ ላኪልኝ።

[ሙዚቃ]