«ደኮ» መዝገበ ቃላት ይግባ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ከደሴ ነኝ።

የወሎን አነጋገር እየሰበሰብኩ መዝገበ ቃላት እያዘጋጀሁ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰሞኑን ከኮምቦልቻ አንድ ወጣት አድማጬ መልእክት ላከልኝ። «ጋሼ፣ ‹ደኮ›ን ያስገቡልን» ይላል። ደሴ–ኮምቦልቻ ለማለት ነው። በየቀኑ የሚመላለሱ ጓደኛሞች ያወጡት ምህጻረ ቃል ነው። «ዛሬ ደኮ ተጨናንቋል» ይባባላሉ።

ወደድኩት። አጭር ነው፣ ላፍም ይቀላል። ግን መውደድና መመዝገብ ለየቅል ናቸው።

እኔ መጀመሪያ የማየው ሰው ሲናገረው ምን እንደሚሆን ነው። እዚህ ደሴ «ወ/ሮ ስሂን ት/ቤት» ብለን እንጽፋለን። ስናነበው ግን ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ነው። ወረቀት ላይ አጠረ እንጂ አዲስ ቃል አልተወለደም። ቦታው የምህጻር ዝርዝር ውስጥ ነው። ኢሕአፓ ግን ሌላ ነው። «የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ» ብሎ ሳይዘረዝር «ኢሕአፓዎች» የሚል ሞልቷል። እንደ ማንኛውም ስም ረብቷል። ኤድስንም እዩት። ፊደሎቹ ከየት እንደመጡ ሳያውቁ ስንት እናቶች ልጆቻቸውን አስጠነቀቁበት! ለእኔ ቃል ሆነ የምለው ያኔ ነው፤ ዝርዝሩን የማያውቅ ሰው ሲጠቀምበት።

ዕድሜ ብቻውን መለኪያ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 የሚለውን ስም ያወጣው የካቲት 3 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የአሜሪካው ሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት በ34 ቀን አስገባው። ልክ ነበር። ሐኪሙም ጎረቤቱም እያለው ምን ይጠበቃል?

ደኮን ግን እስካሁን የሰማሁት ካወጡት ልጆች ብቻ ነው። መናኸሪያ ሄጄ ጆሮዬን ጥዬ ቆምኩ። ረዳቶቹ የሚጠሩት «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» ብለው ነው። አንዱ ሹፌር ለጓደኛው «ሐረጎ ላይ ጉም ነው፣ ቀስ በል» አለው። ያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ድሮም ስም አለው። ደኮ የሚኖረው ከሐረጎ ጎን የራሱን ሥራ ካገኘ ነው።

ስለዚህ አሁን አላስገባውም። አልጣልኩትምም፤ ከነዓረፍተ ነገሩና ከነቀኑ ካርድ ላይ ጽፌ አስቀምጫለሁ። ወንድሜ፣ አይክፋህ። ያወጣኸው አንተ ስለሆንክ ምስክር ልትሆነው አትችልም። ሐይቅም ሆነ ባቲ ገበያ፣ ከማታውቀው ሰው አፍ የሰማኸው ቀን ግን ንግግሩን እንዳለ ጽፈህ ላክልኝ። ቦታውንና ቀኑን ጨምርበት። አንድም ቃል አታስተካክል።