ቢጫውን ቅጠል አትቁረጡት

የተከበራችሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ የማኅበር ተወካዮች፣ አርሶና አርብቶ አደሮች፣ እንደምን አደራችሁ!

አላስረዝምም። ሙቀቱ ሳይበረታ ማሳ መውጣት አለብን። የማወራው ስለ ተምርና አብረዋት ስለሚተከሉ ዛፎች ነው።

በራሴ ጥፋት ልጀምር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የያዝኳቸው ጥቂት ተምሮች የታች ቅጠላቸው ከጫፉ ቢጫ እያለ መጣ። እኔ ሆዬ መጋዝ አንስቼ ሙልጭ አድርጌ ቆረጥኩት። ፀጉሩን እንደተስተካከለ ሙሽራ አማሩ፤ ጎረቤትም አደነቀ። ብዙ ሳይቆይ ቢጫው ወደ ላይኛው ቅጠል ወጣ። ቆረጥኩት። አሁንም ወጣ።

ለካስ ተምር ፖታሺየም የሚባለው ንጥረ ምግብ ሲያጥራት ከአሮጌው ቅጠል እየወሰደች ለአዲሱ ትሰጣለች። አሮጌው ቅጠል ጎተራዋ ነው። እኔ ጎተራውን ነበር የማቃጥለው። ፈጽሞ የደረቀውን ቁረጡ፤ ቢጫውን ግን ተዉት።

ሁሉም ቢጫ አንድ አይደለም። የአሮጌው ቅጠል መሀሉ አረንጓዴ ሆኖ ዳሩ ቢጫ ከሆነ የማግኒዢየም እጥረት ጠርጥሩ። የታመመው አዲሱ ቅጠል ከሆነ ደግሞ ነገሩ ወደ ብረትና ማንጋኒዝ እጥረት ይሄዳል። አልካላይን፣ ማለትም የአሲዳማ ተቃራኒ በሆነ አፈር ላይ ይህ አዲስ አይደለም።

አሁን ወደ ዛፎቹ። በሰሜን አፍሪካ የበረሃ ገነቶች እርሻው ባለ ሦስት ፎቅ ነው። ላይ ተምር፣ መሀል ሮማን፣ በለስና ብርቱካን፣ ታች አትክልት። ተምር ላይኛውን ፎቅ የያዘችው በኩራት አይደለም፤ ፀሐይ ስለምትወድ ነው። ችግኟን ትልቅ ግራር ሥር ብትተክሏት ቅጠሏ ይረዝማል፣ ይቀጥናል፤ ፍሬውም ይዘገያል። በ10 ሜትር ርቀት ከተከላችሁ በሄክታር 100 ተምር ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሀሉ ባዶ ሆኖ ዓይን ያናድዳል። ታዲያ ሰው እዚያ ያገኘውን ሁሉ ይሰገስጋል።

ችግሩ ከመሬት በታች ነው። ተምር ዋና ሥር የሚባል የላትም። ከግንዷ ግርጌ እንደ ገመድ የሚወጡ ብዙ ሥሮች ናቸው ያሏት። ብርቱካንም ምግቡን የሚለቅመው ከላይኛው አፈር ነው። ሁለቱ ከአንድ ትሪ ይበላሉ ማለት ነው። ሁለት ሰው ቀርቦ የአንድ ሰው ምግብ ካቀረባችሁ ጥል አይቀርም። ስለዚህ ሌላውን ዛፍ በተምሯ ግርጌ ዙሪያ ካለው የውኃ መያዣ ገንዳ ውጭ ትከሉት፤ ውኃውንም ማዳበሪያውንም ለየራሳቸው ስጧቸው።

«ሰስባኒያ ወይም ሉኪኒያ ከተከልን ማዳበሪያ ምን ያደርጋል?» የሚሉኝ ዲኤዎች (የልማት ጣቢያ ሠራተኞች) አሉ። ግማሹ እውነት ነው። እነዚህ ዛፎች ናይትሮጅንን ከአየር ያመጣሉ። ፖታሺየም ግን አየር ላይ የለም! ሥሩ ጠለቅ ያለ ዛፍ ከታች ስቦ በቅጠሉ ወደ ላይ ይመልስ ይሆናል። ያም ቢሆን እዚያው አፈር ውስጥ የነበረውን ነው። የተምር ፍሬ ደግሞ ፖታሺየም የሞላበት ነው፤ ገበያ የሚሄደው እያንዳንዱ ኩንታል ይዞት ይሄዳል። የደረቀው ቅጠል ለአጥርና ለማገዶ ከሄደ ለአፈሩ ምን ተረፈው?

(ወራሪው ዛፍ ፕሮሶፒስም ናይትሮጅን ያመጣል፣ እንትከለው የሚል ካለ ውጭ እንነጋገር።)

እኔን ብትጠይቁኝ መፍትሔው በረት ውስጥ ነው። የተብላላ የፍየልና የግመል ፍግ በገንዳው ዙሪያ አልብሱ። የረገፈውን ቅጠል ከትፋችሁ ላዩ ላይ መልሱ። አመድም ፖታሺየም አለው፤ ነገር ግን ጨዋማና አልካላይን አፈር ላይ ነገር ያባብሳል፣ እኔ አልጨምርም።

አሁን ሻይ ጠጥተን እንውጣ። ከአንዲት ተምር አንድ ሜትር ያህል ርቀን፣ ብርቱካኑ ባለበት በኩል ጉድጓድ እንቆፍራለን። እንደ ገመድ ቀጥ ያለው ሥር የተምሯ ነው፤ እየተከፋፈለ የሚቀጥነው የብርቱካኑ። ስንት ቦታ ላይ እንደተጠላለፉ ራሳችሁ ቁጠሩ። አካፋው ሁለት ብቻ ስለሆነ ተራ እንያዝ።