ፓኬቱ በየት ይሂድ?
አዳማ ላይ ለኔትወርክ ባለሙያዎችና ለምህንድስና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ባለሙያዎች፣ ውድ ተማሪዎች፤

ከአዲስ አበባ የመጣችሁ ሁሉ ዛሬ አንድ ነገር መርጣችኋል። ወይ ከፍላችሁ በፍጥነት መንገዱ፣ ወይ በነፃ በቢሾፍቱና በሞጆ በነባሩ መንገድ መጥታችኋል። ኢንተርኔት ላይ ይህ ምርጫ የለንም። ሐኪም ታካሚውን ከሩቅ የሚያይበት ቪዲዮ፣ ሌሊት ቢደርስ ከማይጎዳው የሶፍትዌር ማሻሻያ ጋር እኩል ይሰለፋል።

ኢንተርኔት ላይ መረጃ የሚጓዘው ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ ነው። በኔትወርኮች መካከል የፓኬቶቹን መንገድ የሚመርጠው ቢጂፒ የተባለው የግንኙነት ደንብ (ፕሮቶኮል) መዘግየትን አይለካም። መጀመሪያ የሚያየው የኔትወርኩ ባለቤት ያስቀደመውን መስመር ነው፤ ቀጥሎ በመሀል ያሉትን ኔትወርኮች ብዛት ይቆጥራል።

ታዲያ እያንዳንዱ ፓኬት ፈጣኑን መንገድ ይምረጥ ብንልስ? እዚህ ጋ ጌም ቲዎሪ፣ ማለትም እያንዳንዱ የራሱን ጥቅም ሲያስላ የጋራው ውጤት ምን እንደሚሆን የሚያጠናው ዘርፍ፣ ያስፈልገናል። ኢኮኖሚስቱ አርተር ፒጉ በ1920 ያነሳውን ሐሳብ በቁጥር እንየው። 100 ፓኬቶች ሁለት መንገድ አላቸው እንበል። አንደኛው ምንጊዜም 100 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ሁለተኛው የሚፈጀው በተጫነበት ልክ ነው፤ 10 ፓኬት ካለ 10፣ 60 ካለ 60። ሁሉም ለራሱ ብቻ ካሰበ ወደ ሁለተኛው ይጎርፋል፤ ሁሉም 100 ሚሊሰከንድ ይቆያል። እኩል ቢካፈሉ ግን 50ዎቹ በ100፣ 50ዎቹ በ50 ይደርሳሉ። ማንም አልተጎዳም፤ አማካዩ ግን 75 ሆነ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቶቹ ቲም ራፍጋርደንና ኤቫ ታርዶሽ በ2002 እንዳረጋገጡት፣ መዘግየት ከጭነት ጋር በቀጥታ መስመር በሚጨምርበት ኔትወርክ ሁሉ ሁሉም ለራሱ ብቻ ሲያስብ የሚመጣው መዘግየት ከምርጡ ክፍፍል የሚበልጠው ቢበዛ በአንድ ሦስተኛ ነው። የሒሳብ ሊቁ ዲትሪሽ ብሬስ ደግሞ ቀድሞ በ1968፣ አዲስ መስመር መጨመር ራሱ ሁሉንም ሊያዘገይ እንደሚችል አሳይቷል። ስለዚህ «ፋይበር ይጨመር» ብቻውን መልስ አይሆንም።

ማን ያካፍላቸው? ዋጋ። በሁለተኛው መንገድ ላይ የ50 ሚሊሰከንድ ያህል ዋጋ ብናስከፍል፣ 50 ፓኬት ሲገባበት ከመዘግየቱ ጋር 100 ይሞላል፤ ሁለቱ መንገዶች ይተካከላሉ። ዋጋው በዘፈቀደ የተቆረጠ አይደለም። አንዱ ፓኬት በመግባቱ ሌሎቹ ላይ የሚያደርሰው መዘግየት ነው።

ፓኬት ላይ የአገልግሎት ደረጃ የሚጻፍበት የ6 ቢት ቦታ ከ1998 ጀምሮ ተደንግጓል። ምልክቱ በነፃ ከሆነ ግን ሁሉም አስቸኳይ ነኝ ይላል።

ድሃው ወደ ኋላ ይገፋል የሚለው ስጋት እውነተኛ ነው፤ እኔም እጋራዋለሁ። ዋጋ ስል ግን የግድ ብር ማለቴ አይደለም። በግቢያችን በኮታ እንጀምር። ለእያንዳንዱ ተማሪ በየሳምንቱ እኩል የቅድሚያ ኮታ ይሰጠው፤ ለኦንላይን ፈተና ያውለው ለፊልም፣ ራሱ ይወስን። ፓኬቶችን በየመስመሩ የሚልከው መሣሪያ፣ ራውተሩ፣ የሁለት መስመሮችን መዘግየት በየደቂቃው ይለካ፤ የተጨናነቀው መስመር ከተጠቃሚው ኮታ ይቁረጥ፣ ባዶው መስመር ምንም አይቁረጥ።

ኮዱን ለመጻፍና መለኪያውን ለመዘርጋት ፈቃደኛ የሆናችሁ፣ ከዚህ ስንወጣ በሩ ጋ እንገናኝ። አመሰግናለሁ።